ከግራሶ በፊት ጨርቅ፦ በአዋሽና በሰመራ መንገድ ላይ ስለ ተሳቢ ማገናኛ የተደረገ ዲስኩር

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከገዋኔ፣ ከሚሌ፣ ከሎጊያ ተነሥታችሁ እዚህ ሰመራ የተሰበሰባችሁ ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ መካኒኮች፣ ባለንብረቶችና የቴክኒክ ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው መኪናን ከተሳቢ ስለሚያያይዘው ብረት ነው። ስለ ሞተር ብዙ ይወራል። ስለ ጎማማ ጎሚስታውም፣ ነጋዴውም፣ ሹፌሩም ሁሉም አዋቂ ነው። ማገናኛው ግን እስኪለቅ ድረስ ስሙን የሚያነሣው የለም። ከለቀቀ በኋላም የሚወራው ስለ ሟቹና ስለ ተገለበጠው ጭነት ነው፤ ብረቱ ምን ሆኖ እንደለቀቀ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ስለ ብረቱ ላውራ።

የምለውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በዚህ በረሃ ማገናኛን የሚጨርሰው የግራሶ እጦት ብቻ አይደለም፤ ሳያጸዱ ግራሶ በግራሶ ላይ መደራረብም እኩል ይጨርሰዋል። እንዲያውም ብዙ ማገናኛ ሲበላሽ የማየው ግራሶ አጥቶ ሳይሆን በግራሶ ተለውሶ ነው። ስለዚህ ከግራሶው ቆርቆሮ በፊት ጨርቅ መያዝ አለብን። ለምን እንደሆነ ከመንገዱ ልጀምር።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ ከአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ባቡር አለ። አዋሽ ከተማ የተቆረቆረችው በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ነው፤ የቀድሞው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ሁለቱም ግን ከአዋሽ ወደ ምሥራቅ ታጥፈው ወደ ድሬዳዋ ይዘልቃሉ። ከአዋሽ ወደ ገዋኔ፣ ወደ ሚሌ፣ ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጋላፊ ያለው አገር የሚኖረው በጎማ ነው። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ኮንቴይነሩ በዚህ ያልፋል፤ በዚህ የሚያልፈው ደግሞ ከኋላው የሚጎተት ነገር አለው።

የመንገዱን ቁልቁለት አስቡት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አዳማ ከ1,600 በላይ፤ አዋሽ ወደ 1,000 ገደማ፤ እኛ አሁን የተቀመጥንባት ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት። ወደዚህ ሲወረድ፣ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ተሳቢው መኪናውን ይገፋል። ወደ ላይ ሲመለስ መኪናው ተሳቢውን ይጎትታል። ማገናኛው በመውረድ ጊዜ በአንድ ፊቱ፣ በመውጣት ጊዜ በሌላው ፊቱ ይሠራል ማለት ነው። በብረቱና በብረቱ መካከል ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለች፣ ከግፊት ወደ ጉተታ በተሻገረ ቁጥር ያቺ ክፍተት መዶሻ ትሆናለች። ተሳቢው ከነጭነቱ ሃያ ቶን ከሆነ መዶሻው ሃያ ቶን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አነጋገር አለ፤ «ባዶ ነው፣ ምን ይሆናል» የሚለው። አገራችን በክብደት ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበልጥ ወደ ጅቡቲ ከሚወርዱት መኪኖች ብዙዎቹ ባዷቸውን ናቸው። ባዶ ተሳቢ ግን ይዘላል። ባሌስትራው የተሠራው ለጭነት ስለሆነ፣ ጭነት ሲያጣ ይደርቃል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ተሳቢው ከመሬት ተነሥቶ ይወድቃል፤ ያንን ሁሉ ዝላይ የሚቀበለው ማገናኛው ነው። የተጫነ ተሳቢ ማገናኛውን ሲጎትት ይውላል፤ ባዶው ሲቀጠቅጠው ይውላል። ባዷችሁን ወርዳችሁ ሰመራ ስትደርሱ ማገናኛውን ማየት፣ ተጭናችሁ ስትመለሱ ከማየት የበለጠ እንጂ ያነሰ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ብረቶቹ እንሂድ። በዚህ መንገድ የምናገኛቸው ሦስት ዓይነት ናቸው፤ በሁለቱ ላይ አልቆይም፤ ሦስተኛው ላይ ግን እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ይንቀዋል።

የመጀመሪያው ሙሉ ተሳቢ የሚጎትተው ነው። በተሳቢው ሳቢ ዘንግ ጫፍ ላይ ቀለበት አለ፤ በመኪናው ኋላ ያለው አፍ ቀለበቱን ይቀበልና ከላይ ፒን ይወርድበታል። በድሮዎቹ የፊያት መኪኖች ፒኑን ረዳቱ በእጁ ይከት ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ እንደ ሮኪንገርና ሪንግፌደር ያሉ፣ ቀለበቱ ሲነካቸው ራሳቸው የሚቆልፉ ናቸው። ቀለበቱ ወይ 40 ሚሊ ሜትር ነው ወይ 50 ሚሊ ሜትር። የ40ው ቀለበት በ50 ማገናኛ አልገባም ብሎ ያስታውቃል። የ50ው ቀለበት ግን በ40 ማገናኛ ይገባል። አደጋው መግባቱ ላይ ነው፤ አሥር ሚሊ ሜትር እየተላጋ ይጓዛል። ተሳቢ ስትለዋወጡ፣ በተለይ አንዱ መኪና ተበላሽቶ ሌላው መጥቶ ተሳቢውን ሲረከብ፣ ይህን ሳታዩ አትነሡ።

በራሳቸው በሚቆልፉት ላይ ደግሞ ከእጀታው አጠገብ አንዲት ትንሽ መቆጣጠሪያ ዘንግ አለች። ፒኑ በትክክል ወርዶ ሲቆለፍ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ወጥታ ከቀረች አልተቆለፈም። በሌሊት የማትታይ ከሆነ በጣት ይዳሰሳል። ረዳት ሁሉ ይህችን ዘንግ በጨለማ ፈልጎ ማግኘት መቻል አለበት። ብዙ ጊዜ የማትገባው ቀለበቱ ሞልቶ ስላልገባ ነው፤ ሌላ ጊዜ ግን የደረቀ ግራሶና አሸዋ መንገዷን ዘግቶባት ነው። ፒኑ ቢወርድም ዘንጓ ትቆማለች፤ ረዳቱም «እሷ ሁልጊዜ እንዲህ ናት» ብሎ ይለምደዋል። የቆሸሸ ማገናኛ ከሁሉ የከፋ የሚያደርገው ጉዳት ይህ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል።

ሁለተኛው የሴሚ ትሬለሩ ነው፤ ትሬለሩ የሚቀመጥበት የብረት ገበታና ከትሬለሩ ሥር የሚወርደው ኪንግ ፒን። ኪንግ ፒኑ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተበልቶ 49 ሲደርስ ይቀየራል። በ50.8 እና በ49 መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን አይታይም፤ ካሊፐር ያስፈልጋል። ካሊፐር ደግሞ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ዕቃ አይደለም።

ሦስተኛው ኳሱ ነው። ከፒካፕ ወይም ከላንድ ክሩዘር ኋላ የሚወጣ የብረት ኳስ፣ ከተሳቢው በኩል ደግሞ ኳሱን የሚውጥ ቆብ። በአፋር ይህን የምናገኘው በሚጎተት ጀነሬተር፣ በመንገድ ሥራ ኮምፕሬሰር፣ በትንሽ የውኃ ታንከር ላይ ነው። በሌላው ዓለም በዋናነት የሚታወቀው ሰዎች ለሽርሽር በሚጎትቱት ካራቫን ነው። ካራቫን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1966 በተቋቋመው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ የአዋሽ ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ በነበረው የከረዩ ሎጅ እንግዶች ያድሩ የነበረው በካራቫን ውስጥ ነው። እነዚያ ቤት ሆነው ቆሙ። የኛዎቹ ጀነሬተርና ታንከር ግን ይንቀሳቀሳሉ፤ በዕርዳታ ድርጅት፣ በሥራ ተቋራጭ፣ በመሥሪያ ቤት እጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞሩ ይኖራሉ፤ የእኔ ናት ብሎ የሚይዛቸው ስለማይኖር ደግሞ የሚያያቸውም አይኖርም።

የኳስ የመጀመሪያ ጣጣው ልኩ ነው። የአውሮፓው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። አሜሪካኖቹ በኢንች ይለካሉ፤ ባለ ሁለት ኢንቹ 50.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከእሱ ያነሰው 47.6፣ ከእሱ የሚበልጠው 58.7 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ጀነሬተሩ ከአውሮፓ፣ ኮምፕሬሰሩ ከሌላ ቦታ ሲመጣ ኳስና ቆብ አይተዋወቁም። የአውሮፓ ቆብ ባለ ሁለት ኢንች ኳስ ላይ ሲጫን አንዳንዴ በደንብ አይዘጋም፤ ሰውየው በመዶሻ መትቶ ይዘጋዋል። የአሜሪካ ባለ ሁለት ኢንች ቆብ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ላይ ደግሞ ይዘጋል፤ ግን ይላጋል። 47.6 ኳስ ላይ ባለ ሁለት ኢንች ቆብ ከገባ ጉድጓድ ሲገኝ ዘሎ ይወጣል። የኳሱ ልክ ብዙ ጊዜ በራሱ አናት ወይም አንገት ላይ ተቀርጿል፤ የቆቡም በላዩ ላይ። ግራሶውን ስትጠርጉ ጽሑፉ ይወጣል። ከዓመታት ጥቀርሻ ሥር ልኩ ተጽፎ የነበረ ብዙ ኳስ አለ። ኳሱም ይበላል፤ የ50ው ኳስ 49 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ዕድሜው አልቋል።

አሁን ወደ ብልሽት ምልክቶች ልምጣ። ማገናኛ ይናገራል፤ በድምፅ ይናገራል።

ሲነሣና ፍሬን ሲያዝ «ዷ» የሚል አንድ ምት ከተሰማ ክፍተት አለ። ክፍተቱ በሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ኳሱና ቆቡ መካከል፣ ኳሱን ከመኪናው ጋር ያሰረው ዳዶ ላልቶ፣ ወይም የኳሱ መሸከሚያ ብረት ራሱ ከሻንሲው ጋር በታሰረበት ብሎን ላይ። ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው። እኔ ከታች ጀምሩ እላለሁ። አንድ ሰው ሳቢ ዘንጉን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዝ፤ ሌላው እጁን ዳዶው ላይ ያድርግ። ዳዶው ሲንቀሳቀስ እጅ ያውቀዋል። ላልቶ ከሆነ ዙሪያው ቀይ የዝገት ዱቄት ያወጣል፤ ንጹሕ ብረት ላይ ይህ ዱቄት በአንድ እይታ ይታያል፤ በግራሶ በተለወሰ ብረት ላይ ግን በጭራሽ አይታይም። ለዚህም ነው ጨርቁን የማስቀድመው። በብዙ የአሜሪካ ቆቦች ሥር ማስተካከያ ዳዶ አለ፤ ቆቡ ላልቶ ከሆነ እሱን ማጥበቅ ይበቃል፤ እጀታው ሲዘጋ እጅን ትንሽ መታገል አለበት፤ ያለ ምንም ትግል ከዘጋ ላልቷል፤ በመዶሻ ካልሆነ አልዘጋ ካለ ደግሞ ከልክ በላይ ጠብቋል።

ሲታጠፍ የሚጮኽ፣ የሚንጫጫ ከሆነ ብረት ብረትን ደርቆ እየፋቀ ነው። ይህኛው በእርግጥ ግራሶ ይፈልጋል። ሲታጠፍ የሚያንኮሻኩሽ ከሆነ ግን አሸዋ ገብቷል፤ ግራሶ ብትጨምሩ ድምፁ ይጠፋል፤ ድምፁ ስለጠፋም ተሻለው ብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ አሸዋው ግን እዚያው ነው፤ አሁን በቅባት እየታገዘ ይሠራል።

መቆለፊያው አልዘጋ ካለ ቆቡን ገልብጣችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ከኋላ በኩል ኳሱን ከሥር የሚይዝ ምላስ አለ፤ ያ ምላስ የሚመላለስበት ቦታ በጠነከረ አሮጌ ግራሶ ይሞላል። በጠፍጣፋ ብረት ተፍቆ ሲወጣ እንደ ሸክላ እየተቆራረሰ ይወጣል። አልከፈት ካለ ደግሞ አትምቱት። ብዙ ጊዜ ተሳቢው ወደ ኳሱ ተገፍቶ ምላሱን አጣብቆት ነው፤ ለተሳቢው ጎማ ታኮ አድርጋችሁ መኪናውን አንድ ስንዝር ብታነቃንቁት ይለቃል።

ተሳቢው በመንገድ ላይ ግራና ቀኝ የሚወናጨፍ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከኳሱ ይልቅ ከጭነቱ ይሆናል። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በማገናኛው ላይ እንዲያርፍ የአሜሪካ አሠራር ያዛል፤ የአውሮፓ ቀላል ተሳቢዎች ከዚህ ባነሰ ይሠራሉ፤ መጠኑም በተሳቢው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል። ከኋላ የከበደ ተሳቢ ማገናኛውን ወደ ላይ ያነሣል። ውኃ የሚያመላልሱ ወንድሞቼን እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነው። ታንከሩ ሙሉ ከሆነ ውኃው ቦታውን ይዞ ይቀመጣል፤ ጎዶሎ ከሆነ ግን ስትነሡ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ማገናኛውን ወደ ላይ ያነሣል፤ ፍሬን ስትይዙ ወደ ፊት መጥቶ ይጫነዋል። ግማሹን አንድ መንደር አውርዳችሁ ወደሚቀጥለው ስትሄዱ ማገናኛው ከመጀመሪያው ጉዞ የባሰ ይሠቃያል። በዚያ ሁኔታ ምላሱ የተበላ ቆብ ካለ ከኳሱ ይወጣል። ስለዚህ ሰንሰለቱ አይቅር። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከዘንጉ ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ ዘንጉ ቢወድቅ አስፋልቱ ላይ ከመተከሉ በፊት የተጠላለፈው ሰንሰለት ይቀበለዋል።

ኳሱ መያዙን የማረጋገጫው መንገድ ቀላል ነው። አያይዛችሁ ከቆለፋችሁ በኋላ የተሳቢውን ክሪክ ወደ ላይ አንሡ። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ይዟል። ቆቡ ብቻውን ከተነሣ ኳሱ ላይ ተቀምጦ ነበር እንጂ አልያዘም ማለት ነው። ይህን ለማየት የሚጠፋው ጊዜ ሻይ ከሚቀዳበት ያንሳል።

አሁን ወደ ግራሶው። የኛ አገር አቧራ ደቃቅ ነው፤ ከገዋኔ እስከ ሚሌ ነፋሱ ሲነሣ የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ግራሶ ያገኘውን አቧራ አይለቅም። አቧራ የያዘ ግራሶ ብረት ላይ ሲሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ያውም ቀን ከሌት ሳያቋርጥ የሚፍቅ። ጥርጣሬ ካላችሁ ከማገናኛችሁ ላይ ጥቁሩን ግራሶ በጥፍራችሁ ጫፍ አንሡና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እሹት። አዲስ ግራሶ ይንሸራተታል። ያኛው ግን ይቆረቁራል። የምትዳስሱት ሁለት ነገር ነው፤ ከመንገድ የመጣ አሸዋና ከራሱ ከማገናኛው የተፋቀ ብረት። ጨርቁን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ብትመለከቱት የብረቱ ብናኝ ሲያብለጨልጭ ታያላችሁ። ያ ብልጭታ የገዛችሁት ማገናኛ ነው።

ጨው ደግሞ ሌላ ጠላት ነው። ከአፍዴራ ጨው የምታመላልሱ እዚህ አላችሁ። ጨው እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ በዚህ ደረቅ አገር እንኳ ሌሊት ሌሊት ይረጥባል፤ ከረጠበ ብረቱን ይበላል። በጨው ላይ ግራሶ መቀባት ጨውን ከነእርጥበቱ ከብረቱ ጋር ማሸግ ነው። ከአፍዴራ የተመለሰ ማገናኛ መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ይድረቅ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይቀባ። ላቫጆ ስታስገቡ ጎማና ካቢን ብቻ አይታጠብ፤ ማገናኛውን ጠይቁ።

አሠራሩ እንግዲህ እንዲህ ነው። አሮጌው ግራሶ በጨርቅ ይጠረጋል፤ የደረቀው ይፋቃል፤ የቀረው በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ይወለወላል፤ በደረቅ ጨርቅ ይታበሳል። ብረቱ የራሱ ቀለም ሲታይ ስንጥቅ፣ ጠርዝ ያወጣ ጭረት፣ በአንድ ጎን የተበላ ቦታ ይፈለጋል። ይለካል። ከዚያ በኋላ ስስ ግራሶ በጣት ይቀባል፤ ለኳሱ የአንድ ጣት ጫፍ ያህል ይበቃዋል፤ ከዘጋችሁት በኋላ ተገፍቶ የወጣው ትርፍ ይጠረጋል። ትርፉ ሥራ አይሠራም፤ አቧራ ይሰበስባል እንጂ። ግራሶ መግቢያ ኒፕል ባለው ማገናኛ ላይ ደግሞ ፓምፑ ይጫናል፤ ጥቁሩ ግራሶ ወጥቶ አዲሱ በራሱ ቀለም እስኪመጣ ድረስ፤ ከመግጠማችሁ በፊት ግን የኒፕሉን አፍ ጥረጉ፤ ካልጠረጋችሁት የመጀመሪያው ግፊት አፉ ላይ ያለውን አሸዋ ወደ ውስጥ ይሰዳል። የሴሚ ትሬለሩ ገበታም እንዲሁ፤ አሮጌው ሳይፋቅ አዲስ አይደረብበት።

ተሳቢው ተፈትቶ ኳሱ ባዶውን ሲሄድ ይሸፈን። ልዩ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ የሃይላንድ ውኃ ጠርሙስ ታችኛው ግማሽ ተቆርጦ ሲደፋበት፣ በላስቲክ ሲታሰር፣ ከአዋሽ ሰመራ ያደርሰዋል።

የግራሶው ዓይነትስ? ከሊቲየም ሳሙና የተሠራው፣ ቁጥር 2 የሚባለው፣ ለከባድ ጫና የተዘጋጀው ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። የተለመደው የሊቲየም ግራሶ የሚቀልጠው 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የአፋር ፀሐይ አያቀልጠውም። ሙቀቱ የሚያደርገው ግን አለ፤ ዘይቱን ከሳሙናው ቀስ በቀስ ይለየዋል፤ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ሳሙናው ደርቆ ይቀራል። ቆቡ ውስጥ የምታገኙት ጠንካራው ነገር እሱ ነው። ለዚህም በዚህ አገር ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ መቀባት እንጂ አንዴ ብዙ ለጥፎ መርሳት አይሠራም። ጨው ለሚያመላልሱት ካልሲየም ሰልፎኔት የሚባለው ውኃንና ጨውን የበለጠ ይችላል። ዓይነቱን ስትለውጡ አሮጌውን አጽዱ፤ የተለያየ ሳሙና ሲቀላቀል አንዳንዱ ቀጥኖ ይፈስሳል።

የተቃጠለ ዘይት ማገናኛ ላይ መቀባት ይቅር። ነጻ ስለሆነ ነው የሚወደደው። ዘይቱ ቀጭን ነው፤ አይቆይም፤ ሞተሩ የፋቀውን ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የአየር ቱቦዎቹ ላይ እየተንጠባጠበም ጎማቸውን ያበላሻል።

አንድ የተለየ ነገር ልጨምር። በአንዳንድ የአውሮፓ ተሳቢዎች፣ ለምሳሌ በአል-ኮ ማረጋጊያ ቆቦች ውስጥ፣ ኳሱን ግራና ቀኝ ጨምቆ ተሳቢው እንዳይወናጨፍ የሚይዝ እንደ ፍሬን ሸራ ያለ ነገር አለ። እዚያ ግራሶ መቀባት ፍሬን ሸራ ላይ ግራሶ መቀባት ነው። ያ ኳስ ደረቅና ንጹሕ መሆን አለበት። ከመቀባታችሁ በፊት ቆቡ ውስጥ ተመልከቱ።

ስለ ረዳቱ ሳልናገር አልወርድም። በመኪናና በተሳቢ መካከል የሚገባው እሱ ነው፤ ሰው የሚሞተውም እዚያ ነው። ተሳቢ ሲያያዝ መጀመሪያ ቢጫው የአየር ቱቦ ይገጠማል፣ ከዚያ ቀዩ፤ ሲፈታ መጀመሪያ ቀዩ ይወጣል። ቀዩ ቀድሞ ከተገጠመ የተሳቢው ፍሬን ይለቅና ረዳቱ በመካከል ቆሞ ሳለ ተሳቢው ሊንቀሳቀስ ይችላል። የተሳቢው የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው በታኮ ይታገድ። ድንጋይ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ድንጋዩን አንሥታችሁ ሂዱ፤ አስፋልት ላይ ትታችሁት የሄዳችሁት ድንጋይ በሌሊት የሌላውን ቤተሰብ ይገለብጣል።

ማገናኛውን የሚያየው፣ የሚዳስሰው፣ ድምፁን ከኋላ የሚሰማው ረዳቱ ነው። ሆኖም ስለ ማገናኛ ከማንም ያነሰ የሚማረውና ከማንም ያነሰ የሚደመጠው እሱ ነው። ሹፌሩ ሰዓት አለበት፤ ባለንብረቱ ስልክ ላይ ነው፤ ረዳቱ «ይላጋል» ሲል «ዝም ብለህ ግራሶ ቀባው» ይባላል። አዋሽና ሚሌ ኬላ ላይ ወረፋ ስትጠብቁ የሚያልፈው ጊዜ ለጨርቁ ይበቃል። ዕውቀቱም ይተላለፍ። ከአፋር ወንድሞቻችን ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አያልፉም፤ ዳጉ ብለው ያኖሩት ሥርዓት ነው። ስለ መንገዱ ጉድጓድና ስለ ኬላው እንደምትነጋገሩ፣ ስለ ተሳቢያችሁም ተነጋገሩ፤ ከኋላው ሆናችሁ ማገናኛው ሲላጋ ያያችሁትን መኪና አስቁማችሁ ንገሩት።

ባለንብረቶች፤ እናንተን የምለምነው ነገር አለ። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ካሊፐር፣ አንድ ኪሎ ደህና ግራሶና አንድ ጥቅል ጨርቅ ግዙ፤ አለካኩንም ረዳቱን አስተምሩት። ከሁሉም በላይ፣ ረዳቱ ማገናኛውን አይቶ «በዚህ አንሄድም» ካለ መኪናው እንዲቆም፣ በመቆሙም ከደመወዙ ምንም እንዳይቀነስበት ዛሬውኑ ለሹፌሩ ተናገሩ።